ቃል የሌለው ሙዚቃ፦ ለአባቴ

ደሴ፣ ነሐሴ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ክረምቱ ውጫሌም እንዲህ በርትቷል ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ቤቱን ገልብጠውታል። ደሴም ያው እንደምታውቃት ናት። ጦሳ ተራራ ከጠዋት እስከ ማታ ጉም ውስጥ ነው የሚውለው። ፒያሳ ላይ አንዳንዴ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው አይለይም።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልኩ እንዳስቸገረህ ስለገባኝ ነው። ባለፈው ስደውልልህ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» ስትል ቆየህና መጨረሻ ላይ «እሺ፣ እሺ» ብለህ ዘጋኸው። ሰምተኸኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ላደክማት አይገባም ብለህ ነው። ዓይንህ ግን ዛሬም የሾፌር ዓይን ነው። ስለዚህ በወረቀት ይሻለናል።

ከእህቴ ደግሞ አንድ ወሬ ሰማሁ። ሬዲዮህን ለልጇ ሰጥተኸዋል አሉ። «ከእንግዲህ ሙዚቃ ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ የሚሉት አይሰማኝ» ብለሃል። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ይህን ደብዳቤ የያዘው የሚኒባስ ሾፌር አንድ ፌስታል ይሰጥሃል። ውስጡ ስላለው ነገር በኋላ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ለምን እንደላክሁልህ ላስረዳህ።

እዚህ እኛ ጋ ሳለህ ማታ ማታ ፊልም እናይ የነበረው ትዝ ይልሃል? ተዋንያኑ የሚናገሩት እንደማይሰማህ የነገርከን ኋላ ነው። ግን አንድ የሚገርመን ነገር ነበር። ማናችንም ሳንጠረጥር «ይሄ ሰውዬ አይመለስም» ትላለህ። ሰውዬውም አይመለስም። ልጆቹ «አያታችን ፊልሙን ቀድሞ አይቶት ነው» ይሉ ነበር። አላየኸውም። ንግግሩ ባይሰማህም ከሥሩ የሚሄደው ሙዚቃ ይሰማህ ነበር። የፊልም ሙዚቃ ሥራው ይኸው ነው። ሰዎቹ አፍ አውጥተው የማይሉትን እሱ ይለዋል።

ጆሮህን ያየችው ሐኪም ያለችንን አስታውስ። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። የወፍ ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ፣ የልጆች ጫጫታ ቀድሞ ይሄዳል። ከንግግርም እነ «ስ»፣ እነ «ሽ»፣ እነ «ፍ» ይጠፋሉ። ሰው ሲያወራህ ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ ግን ሳይደርስ ይቀራል። በዚያ ላይ ያን ሁሉ ዘመን ከኤንትሬ ከባድ መኪና ሞተር ጎን ተቀምጠሃል። የዚያ ዓይነት ጩኸት የውስጥ ጆሮን ስስ ሕዋሳት ይገድላል፤ እነሱ ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ወፈር ያለውና መካከለኛው ድምፅ ግን አሁንም አለህ። ነገሩን ላሳምርልህ አልፈልግም፤ ገና የምትሰማው ነገር ብዙ ነው፣ በቃ።

ዘፈን ሲሆን ጆሮህ ግጥሙን ያሳድዳል። ሲያመልጠው ትናደዳለህ። አልፈርድብህም። የኛ አገር ሰው ዘፈን የሚሰማው ለግጥሙ ነው፤ ወሎ ላይማ ይብሳል። ወርቁ ካመለጠህ ሰሙን ምን ታደርገዋለህ? ግጥም በሌለው ሙዚቃ ግን የሚያመልጥህ ቃል የለም። «ምን አለች?» ብለህ ማንንም አታስቸግርም። ፒያኖ ደግሞ ከመሐልና ከታች በኩል ሲመታ፣ ልክ አንተ በደንብ የምትሰማበት ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዚህ ክረምት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ዝቅ አድርጌ የምሰማው የፊልም ሙዚቃ አለ። ፊልሙ «ታይም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ የሠራችው ጋሬት ብራድሊ ናት። ከዳር እስከ ዳር ጥቁርና ነጭ ነው። ታሪኩ የአንዲት ሚስት ነው። ባሏ በዝርፊያ ተከሶ 60 ዓመት ተፈረደበት። እሷ ስድስት ወንዶች ልጆች እያሳደገች፣ እሱን ለማስፈታት 21 ዓመት ደጅ ትጠናለች። ፊልሙን የሞላው እሷ ራሷ ቤቷ ውስጥ በቪዲዮ ካሜራ የቀረጸችው ኑሮ ነው። ልጆቹ ያድጋሉ፤ አባታቸው የለም።

ፊልሙ አለቀ፤ ሙዚቃው ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የሚጫወተው ማን እንደሆነ ሳይ ደነገጥኩ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው! ለፊልሙ ብለው የሠሩት አይደለም። ፊልሙ ከመታሰቡ ከብዙ ዓመት በፊት ብቻቸውን ፒያኖ ላይ የተጫወቱት ነው። አሜሪካኖቹ ፈልገው አገኙትና ከዚያች ሴት ኑሮ ሥር አስገቡት። በዓመቱም ሌላ የአሜሪካ ፊልም የሳቸውኑ ፒያኖ ተጠቅሟል።

አባዬ፣ እማሆይ እኮ ግሸን የነበሩት ናቸው። ያንተው አምባሰል! ስለሳቸው የማውቀውን ልንገርህ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ ሙዚቃንም እዚያ አወቁ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን ተጋዙ። አዚናራ በምትባል ደሴት ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ፒያኖና ቫዮሊን ተማሩ። ከዚያ ለንደን ሄደው የመማር ዕድል አገኙ፤ ግን ሳይፈቀድላቸው ቀረ። እህል አልቀምስም ብለው እስከ መታመም ደረሱ። ሲድኑ ግሸን ማርያም ገቡና መነኮሱ። አሥር ዓመት ያህል እዚያ አምባ ላይ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ሰው የፈለገውን ነገር ተነፍጎ እንዲህ ያለ ቦታ ሲወጣ ምን ያስብ ይሆን? እኔ ሙዚቃቸውን ስሰማ ይሄን ነው የማስበው።

ሴት አያቴ በመስከረም 21 ለግሸን ንግሥ በእግሯ ትሄድ እንደነበር ነግረኸኛል። ተራራው በመስቀል ቅርጽ ያለ መሆኑን ከማንበቤ በፊት ካንተ ነው የሰማሁት። እስከ ግራኝ አህመድ ዘመን ድረስ ዙፋን እንዳይሻሙ የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩትም እዚያው ነበር። እንግዲህ አስበው። በልጅነታቸው የታሰሩ፣ የእስረኞች አምባ የነበረ ቦታ ላይ የመነኮሱ ሴት የተጫወቱት ሙዚቃ ነው የአንድ እስረኛ ሚስት ፊልም ውስጥ የገባው። ጋሬት ብራድሊ ይሄን ሁሉ አስባ ይሁን አይሁን የኔ ጉዳይ አይደለም። ጆሮዋ ግን አልተሳሳተም።

ከግሸን ከወጡ በኋላ ጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። ደጅ የሚያድሩ የዜማ ተማሪዎች አዩ። የሚሰጧቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው ሙዚቃቸውን ሊሰጡ ወሰኑ። የመጀመሪያው ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኛ ሆነ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ሙዚቃው እንዴት ነው ካልከኝ፣ ግራ እጃቸው ረጋ ብሎ ይሄዳል። ቀኝ እጃቸው ደግሞ ፈጠን ይልና መልሶ ያዝ ያደርጋል። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬን ያዝ ለቀቅ እንደምታደርገው ነው። ሜትሮኖም ከሚባለው ምት ቆጣሪ መሣሪያ ጋር የሚሄድ ምት አትጠብቅ። ፒያኖው የፈረንጅ ነው፤ ዜማው ግን የኛ መሆኑ ወዲያው ይታወቅሃል። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል የሚጠሩት በኛው አገር ስም አይደል? ሰኞ ሰኞ ገበያው መሐል ጥሩምባ እየነፋህ ያለፍክባት ባቲ፣ የተወለድክበት አምባሰል። አንተ ኖታ አልተማርክም፤ ቅኝቶቻችን የቆሙበትን አምስት ድምፅ ግን ማንም ሳያስተምርህ ታውቀዋለህ።

ሐዘን አለበት። አልዋሽህም። «ሐዘንማ ሞልቶን የለ፣ ምን ብለሽ ትጨምሪልኛለሽ?» እንደምትል አውቃለሁ። ይሄኛው ግን ሆድ አያስብስም። አያስለቅስህም፤ አይዞህም አይልህም። የሚለቀቅ ልቅሶ ሳይሆን ዝም ብሎ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ዓይነት ነው። እማዬ ካረፈች በኋላ ቤቱን የሞሉት ሰዎች መሐል እኔን ያሳረፉኝ፣ ምንም ሳይናገሩ ጥግ ይዘው የተቀመጡት ነበሩ።

ፊልሙን ሳይ ያሰብኩት እማዬን ነው። አንተ አሰብ ስትወርድ ስልክ አልነበረንም። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ነው። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ እያለች ባለህበት ቦታ ታሰላለች። ማታ ሬዲዮ ትከፍታለች፤ ግን ዝቅ አድርጋ ነው። እኛ «እማዬ ከፍ አድርጊው» ስንላት እምቢ ትላለች። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ነገረችኝ። የመኪናህ ድምፅ ከመንገድ ሲመጣ እንዳያመልጣት ነው። ይሄን ነግራህ እንደሆን አላውቅም። ባልነገረችህስ ብዬ ነው የጻፍኩት። 1990 ላይ ጦርነቱ የአሰብን መንገድ ሲዘጋው ሾፌሮች ሁሉ ሲያዝኑ እሷ ብቻ ደስ ያላት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ትክክል ነበረች።

ዝቅ ያለ ሙዚቃ ቤቱን አይዘጋውም። ዝናቡ ይሰማል፣ የልጆቹ ትንፋሽ ይሰማል፣ ጎረቤታችን ሐጂ ቤት ሐሙስ ማታ መንዙማ ሲጀመርም ይሰማል። እንዲያውም አንዳንዴ እኔ ፒያኖውን አጥፍቼ የነሱን ድቤ አዳምጣለሁ። ሁለቱም ለሰው የሚሰጡት ፋታ አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ስለ ፌስታሉ። ፍላሽ የሚሰካበት ትንሽ ስፒከር አለ። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎንም አለ። ፍላሹ ላይ የእማሆይን ፒያኖ ጭኜልሃለሁ፤ ሌላ ነገር አላደባለቅሁም። የእህቴ ልጅ አሰካኩን ያሳይሃል። በስልክ ቻርጀር ነው የሚሞላው። መብራት ባለበት ሰዓት ሙላው። ድምፁን እስከ መጨረሻው አታውጣው፤ የቀረህን ጆሮ እንዳይጎዳው። ካልተሰማህ ከፍ ከማድረግ ይልቅ በሩን ዝጋና ሄድፎኑን አድርግ። ሲጀምር ሽሽ የሚል ድምፅ ቢሰማህ የመሣሪያው ብልሽት አይደለም፤ የድሮ ቅጂ ስለሆነ ነው። ማታ ከቡና በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ። ሰው ሲመጣ አትክፈተው፤ ወሬው ያበላሸዋል።

ሬዲዮውን ከልጁ መልሰህ ውሰድ አልልህም፤ ደስ ብሎታል አሉ። ሙዚቃ ለኔ አበቃ የሚለውን ነገር ግን አትድገመው።

የጆሮ መስሚያውንም አልረሳሁትም። ለመስቀል እመጣለሁ፤ ከዚያ አብረን ደሴ መጥተን ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን። ጉልበትህ እሺ ካለህ ደግሞ ግሸንን በመኪና እንሞክራለን። ሾፌሩ ቅዳሜ ይመለሳል። የትኛው ዜማ እንደተሰማህና የትኛው እንዳልተሰማህ በዚሁ ወረቀት ጀርባ ጻፍና ላክልኝ፤ ያልተሰማህን አውጥቼ ሌላ እጭንልሃለሁ።

እህቴንና ጎረቤቶቹን ሁሉ በጣም ሰላም በልልኝ። ልጆቹ እጅህን ስመዋል።

የምትወድህ ልጅህ፣ ከደሴ