ሎኮሞቲቭ የሌለበት ባቡር ጣቢያ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽ ትስምሻለች።

ከዩኒቨርሲቲሽ አጠገብ አለ ያልሽኝ የክራውን ስትሪት መናፈሻ ሊቨርፑልን ከማንችስተር ያገናኘው ባቡር መነሻ ጣቢያ የነበረበት ቦታ ነው። ቶማስ ታልቦት በሪ የሚባል ወጣት አርክቴክት ጣቢያውን ስሎት ነበር። ሥዕሉን አከርማን የሚባለው የለንደን አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1831 አወጣው፤ በመዳብ ሳህን ተቀርጾ የታተመ፣ ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈልጊና አጉልተሽ እይው።

መጀመሪያ ሎኮሞቲቩን፣ ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን የእንፋሎት ሞተር ፈልጊ። አታገኚውም። በሪ ረስቶት አይደለም፤ ሎኮሞቲቭ እዚያ ድረስ አይመጣም ነበር። መንገደኛው ክራውን ስትሪት ላይ ይሳፈርና ፉርጎዎቹ በራሳቸው ክብደት በአጭር ዋሻ ቁልቁል ኤጅ ሂል ወደሚባል ቦታ ይወርዳሉ፣ ሎኮሞቲቭ የሚቀጠልላቸው እዚያ ነው፤ ከማንችስተር ሲመለሱ ደግሞ ሎኮሞቲቩ ኤጅ ሂል ላይ ይፈታና አንድ ቦታ ቆሞ የሚሠራ የእንፋሎት ሞተር በገመድ ጎትቶ ያወጣቸዋል። ከመሀል ከተማ እስከ ጣቢያው ሰው የሚመጣው በፈረስ በሚጎተት አውቶቡስ ነበር። አስቢው፣ ፈረስ፣ ቁልቁለት፣ ገመድ፣ ከዚያ እሳት!

አርክቴክቸር የምትማሪ ልጅ ስለሆንሽ ደግሞ ይሄን ልብ በይ። እነዚያ ሰዎች ጣቢያ ሲሠሩ የሚቀዱበት ምሳሌ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። የአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ እንኳ ሦስት የፈረስ ሠረገላ አንድ ላይ የተገጠመ ነው የሚመስለው። ተጓዡም አልለመደውም። መስመሩ በተመረቀበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1830፣ ባቡሩ ውሃ ለመሙላት ሲቆም የሊቨርፑሉ የፓርላማ አባል ዊልያም ሃስኪሰን ሐዲዱ ላይ ወርዶ ሮኬት የተባለው ሎኮሞቲቭ ገጭቶት ሞተ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሥዕሉ ላይ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው፣ ሰዉም ዘንጦ ይታያል። የዕቃው መንገድ ሌላ ነበር፤ ከወደቡ የሚነሳ ረጅም ዋሻ በዚያው ሠፈር ሥር ያልፋል። በዚያ ዋሻ ወደ ማንችስተር ፋብሪካዎች ይጋዝ የነበረው ጥጥ አብዛኛው አሜሪካ ውስጥ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች የለቀሙት ነበር። መናፈሻው ውስጥ የቆመውን ትልቅ የጡብ ማማ አይተሽዋል አይደል? የዚያ ዋሻ መተንፈሻ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ስታይ የላዩን ብቻ አትይ፤ ሥሩንም አስቢ።

ጣቢያው ብዙ አልቆየም። ላይም ስትሪት የሚባለው ሌላ ጣቢያ በ1836 ሲከፈት መንገደኛው ወደዚያ ዞረና ክራውን ስትሪት ለዕቃ ብቻ ቀረ።

ፈተናሽ ሲያልቅ ሥዕሉን ስልክሽ ላይ ይዘሽ መናፈሻው ውስጥ ዞር ዞር በይና ሕንፃው የቱ ጋ እንደነበር፣ ሐዲዱ በየት በኩል ወደ ዋሻው እንደሚገባ ገምተሽ በእጅሽ ንድፍ ሥሪልኝ። ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪው። ብርዱን ተጠንቀቂ፣ አደራ።

አባትሽ