ለኤሌክትሮኒክስ አንድ ዓምድ ስጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ማታ ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የጠፈር መርከብ መቆጣጠሪያ የሚመስል ትንሽ ነገር እንሠራለን። ቀፎው ካርቶን፣ አንጎሉ ኢኤስፒ32 የሚባል፣ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቺፕ ነው። ኦሌድ ስክሪኑ ወርዱ 128፣ ቁመቱ 64 ነጥብ ነው።

ትልቁ ሥራ ፊደሉ ነው። ያገኘናቸው ዝግጁ ኮዶች የላቲን ፊደል ብቻ ይዘዋል። ስለዚህ የእኛን በካሬ ወረቀት ላይ፣ 16 በ16 ነጥብ፣ አንድ በአንድ እየሣልን አስገባን። «ሰ» እና «ሸ» እንዲለዩ ማድረግ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል! ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኮዱ ከፈረንጁ 6 ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ዲኤስ3231 የምትባለው የሰዓት ሞጁል በክብ ባትሪዋ መቁጠሯን ትቀጥላለች። እዚህ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጀማሪዎች ግን ልብ በሉ፤ ኢኤስፒ32 የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልት የሚያወጣ ሴንሰር ከቺፑ እግር (ፒን) ጋር በቀጥታ አታገናኙ።

በወሎ ከተሞች ቻርጀር የሚፈታታ ልጅ ሞልቷል። የሬዚስተር ቀለም አነባበብን፣ ብየዳን፣ ኮድ አጻጻፍን በአማርኛ የሚያነብበት ሳምንታዊ ዓምድ ስጡልን። የሣልናቸውን ፊደሎች እኔ በነፃ እልካለሁ።

የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኙ፣ ከደሴ