ግቢ ሳልልሽ

ሆዴ፣

እንዴት ነሽ? እሺ፣ አውቃለሁ። አራት ዓመት። ስድብሽን ጨርሺና ተመለሺ፣ እጠብቅሻለሁ። «ስልክሽ ጠፍቶብኝ ነው» ልል ነበር። ግን ቁጥርሽን ከራሴ ቁጥር ይልቅ በቃሌ እንደማውቀው ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ውሸቱን ትቼዋለሁ። ይቅርታ። በቃ፣ ይቺኛዋ ቀላሏ ናት። ሌላዋ ወደ ታች አለች።

የጻፍኩልሽ አንድ ጥያቄ አላስተኛ ብሎኝ ነው። እንዳትስቂ። ቫምፓየር በርሽን ቢያንኳኳ ታስገቢዋለሽ?

ሳቅሽ አይደል። ደግሞ ለመሳቅ! ቪዲዮ ቤት ያንን ፊልም አይተን የመጣን ለት መቁጠሪያ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ያደረችው ማን ነበረች? ነጭ ሽንኩርት ከእማማ ጓዳ ሰርቃ ትራሷ ሥር የከተተችውስ? እማማ ደግሞ ለቡዳ መስሏቸው ጤና አዳም ጨመሩበት። ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ወጥ ስንሸት ከረምን።

የዘንድሮው ቫምፓየር ግን እንደዚያ አይደለም። ልጄ የምታያቸው ሁሉ ያለቅሳሉ። ቆንጆዎች ናቸው፣ ሙዚቃ ይወዳሉ፣ መግደል ያንገበግባቸዋል። ይገድላሉ ግን። አንዲት ደንብ ብቻ ከድሮው ቀርታለች፣ የቤቱ ሰው «ግባ» ካላለው ደፉን ማለፍ አይችልም። ይሄን ስሰማ በኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ አልኩ። «ማነው?» «እኔ ነኝ።» «ግባ፣ ክፍት ነው! ና፣ እንብላ!» ማን እንደሆነ የምናጣራው እኮ ከጎረሰ በኋላ ነው። በሳምንት ይጨርሰን ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ልጄ አሥራ አራት ሞላት። ለታሪክ ትምህርቷ የመረጠችው ርዕስ መርሲ ብራውን የምትባል ልጅ ነገር ነው። ቅዳሜ ዕለት ከቦስተን ከአንድ ሰዓት በላይ ነድቼ ሮድ አይላንድ ውስጥ ኤክሰተር የምትባል ገጠር ወሰድኳት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መቃብር አለ። የልጅቷ ድንጋይ ትንሽ ናት። አንዴ ተሰርቃ ስለነበር በብረት ጠፍረዋታል። ሰው ሳንቲምና አበባ ያስቀምጥላታል።

እናቷ በፈረንጅ 1883 በሳንባ ነቀርሳ፣ በቲቢ ማለት ነው፣ ሞተች። ወራት ቆይቶ ታላቅ እህቷ ተከተለች። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ወንድሟ ኤድዊን ታመመ፣ አየሩ ይሻለው እንደሆነ ብለው ኮሎራዶ ድረስ ላኩት። እሱ ሳይድን መርሲን ያዛት። ጃንዋሪ 1892 ሞተች፣ በ19 ዓመቷ። ከዚያ ጎረቤት መጣ። «ከሞቱት አንዷ ናት የልጅህን ደም የምትመጠው፣ ይውጡና ይታዩ» አሉት አባትየውን። እሱ አላመነም ይባላል። ግን ጎረቤት ነው፣ ምን ይበል? ማርች 17 ቀን ሦስቱንም አወጧቸው። እናትና እህት አጥንት ሆነዋል። መርሲ ግን ገና ሁለት ወሯ ነው፣ የዚህን አገር ብርድ ደግሞ ልንገርሽ፣ ፍሪጅ ማለት ነው። አልፈረሰችም። ልቧ ውስጥ ደም ተገኘ። ሐኪሙ «ይሄ ያለ ነገር ነው፣ ሳንባዋ ላይ ያለው ነቀርሳ ነው» ቢላቸው ማን ሰምቶት። ልቧን ድንጋይ ላይ አቃጥለው፣ አመዱን በውሃ በጥብጠው ለኤድዊን አጠጡት። ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ።

ሮበርት ኮክ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም የቲቢን ተህዋሲ ማግኘቱን በርሊን ላይ የተናገረው ማርች 24 ቀን 1882 ነው። ልክ አሥር ዓመት ሊሞላው ሰባት ቀን ሲቀረው ነው እንግዲህ ያቺን ልብ ያቃጠሉት። ልጄ ናት ያሰላችው። እኔ ያየሁት ስሟን ብቻ ነው። መርሲ በኛ ምሕረት ማለት አይደል?

መኪና ውስጥ ስንመለስ ልጄ ጠየቀችኝ። «ማሚ፣ መርሲ እውነት ቫምፓየር ብትሆንስ? ክፉ አይደለችም። በርዷታል፣ ርቧታል፣ ማንንም መጉዳት አትፈልግም። ግን ከገባች ሰው ይሞታል። ብታንኳኳ ታስገቢያታለሽ?»

«አላስገባም» አልኳት። ሳላስብ።

«አንቺ እኮ እንግዳ የእግዜር ነው ትያለሽ።»

«የእግዜር እንግዳ ልጄን አይበላም።»

«እሷ እኮ ፈልጋ አይደለም እንደዛ የሆነችው።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ቤት ውስጥ አንቺ አለሽ።»

«እና ዝም ብለሽ ትዘጊባታለሽ?»

መልስ አጣሁ። እጄ መሪው ላይ አላበው። ምክንያቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። እንዳልገባሽ ሆነሽ አሥራ አራት ዓመት ኖርሽ እንጂ ታውቂዋለሽ።

የሽሮ ሜዳው ቤት። ልጄ የሦስት ወር ልጅ ነበረች። ነጠላሽን እስከ አፍንጫሽ ተከናንበሽ፣ ያንን ቢጫ ሹራብ በፌስታል ይዘሽ መጣሽ። ራስሽ ነሽ የሠራሽው፣ ተኝተሽ በከረምሽበት። በሩን ገርበብ አድርጌ ያዝኩት። «ተኝታለች» አልኩሽ። አልተኛችም ነበር፣ ድምጿ ይሰማ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል እዚያው ደፉ ላይ ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ዝናቡ! «በይ ልሂድ፣ ይመሽብኛል» አልሽ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ስትሄጂ ሹራቡን በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ይሄን አታውቂም። ቢጫው ነጣ። አንድም ቀን አላለበስኳትም።

ያኔ የቲቢውን መድኃኒት ከጀመርሽ ሁለት ወር አልፎሽ ነበር። በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄድሽ፣ ነርሷ ፊት እየዋጥሽ። መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደማያስተላልፍ አሁን አውቃለሁ። በልብስም እንደማይተላለፍ። ያኔ ብጠይቅ የሚነግረኝ አላጣም ነበር። አልጠየቅኩም። በስልክ ግን ጎበዝ ጓደኛ ነበርኩ፣ አይደል? መድኃኒቱን የጀመርሽ ሰሞን ሽንትሽን ብርቱካንማ ሲያደርገው «ሚሪንዳ ሸናሁ» ብለሽ ደውለሽልኝ እስክናለቅስ የሳቅነው።

እሱን ስል... እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። እኔም ሚሪንዳ እየሸናሁ ነው።

አትደንግጪ። አልታመምኩም። የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ አመልክቼ ነበር። ለቲቢ ምርመራ ክንድ ላይ ይወጉሽና ከሁለት ቀን በኋላ ያዩታል። የኔ አበጠ። ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሳሁ። ሳንባዬ ንጹሕ ነው፣ ተህዋሲው ግን ውስጤ ተኝቷል። ለማንም አይተላለፍም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ይኖርበታል ይባላል፣ ከነዚህ በዕድሜው የሚታመመው ከመቶ አምስት እስከ አሥሩ ነው። እንዳይነሳ ብለው ለአራት ወር ሪፋምፒሲን የሚባለውን፣ ሽንት የሚያቀላውን መድኃኒት ሰጡኝ።

ነርሷ «ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ተቀራርበሽ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው ያንቺ ስም ነው። እፍረቴን! ያ ሁሉ ታክሲ፣ ያ ሁሉ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል፣ የነ እማማ ግቢ ሲያስል የሚያድር ሁሉ ተረስቶ አንቺ ታወስሽኝ። ያላስገባሁሽ አንቺ! ምናልባት እኮ ያን ቀንም ውስጤ ነበረ። አንቺን ደፉ ላይ አቁሜ እሱን ይዤ ልጄን ወደማጠባበት ገባሁ።

ከቅዳሜ ጀምሮ የማስበው ግን ይሄን አይደለም። ልጄ «ዝም ብለሽ ትዘጊባታለሽ?» ያለችኝን ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬም ቢሆን ያቺን ልጅ ቤት አላስገባትም። ቆንጆ ትሁን፣ ታልቅስ፣ ሕፃን ካለበት ቤት አላስገባትም። በዚህ አልጸጸትም። አንቺም ብትሆኚ አታስገቢያትም፣ አትዋሺኝ። ግን ለምን አልወጣሁም? በረንዳው ነበረ። ሁለት ዱካ ነበረን። ቡናው ከሰል ላይ ነበር፣ ሽታው ሳይደርስሽ አልቀረም። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ዱካውን አውጥቼ፣ አየር ላይ አብሬሽ ቁጭ ማለት እችል ነበር። «ውስጥ አትግቢ፣ ፈርቻለሁ፣ ቆይ እኔ እመጣለሁ» ማለት እችል ነበር። አንቺ ደግሞ «ፈሪ!» ትይኝና ትቀመጪ ነበር። ይሄ ያኔ እንዴት እንዳልታየኝ አይገባኝም። ማስገባትና መዝጋት ብቻ ነው የታየኝ።

ለልጄ ማታውኑ ነገርኳት። መድኃኒቱንም፣ አንቺንም። አሰብ አደረገችና «እና ቫምፓየሯ አንቺ ነሽ ማለት ነው» ብላ ሳቀች። እኔ ደግሞ ተናደድኩ! ልክ አንቺን ነው የምትመስለው ይቺ ልጅ፣ በሰው ቁስል ላይ መሳቅ። ቆይታ «ሹራቡ የት አለ?» አለችኝ። አሳየኋት። እጅጌው ሁለት ጣቷን ነው የሚያስገባው።

ለጥምቀት እመጣለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ። ልጄም አብራኝ ናት። ካልፈለግሽ... ማለቴ፣ ቤትሽ ልጆች አሉ፣ እኔ ደግሞ ገና መድኃኒቱን አልጨርስም። ሐኪሙ ምንም ችግር የለውም ብሎኛል። ግን ውጪ ብታስቀምጪኝም ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ዱካ ብቻ አታሳጪኝ።

እስከዚያ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይሄን ክኒን ጠዋት በባዶ ሆድ ዋጪ አሉኝ። እስከ ረፋድ ያቅለሸልሸኛል። አንቺ እንዴት ነበር የቻልሽው? ያኔ አልጠየቅኩሽም። ሹራቡንስ ላምጣው ወይስ ይቅር?

ያንቺው ፈሪ