ለባንድ መምህርቷ ልጄ

ልጄ፣

እሁድ ማታ ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናትሽ ተኝታለች። እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ይሄን እጽፍልሻለሁ። በስልክ ሲሆን ነገሩ ይበታተንብኛል። ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ልቤ የያዘው ነገር ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ይላል፤ የተቆጣሁ ይመስልሻል። አልተቆጣሁም።

«አባዬ፣ እኔ ኮንዳክተር፣ የትልቅ ባንድ መሪ መሆን ነው የምፈልገው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ሲንጫጩ እየሰማሁ ለመዋል አይደለም ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርኩት» አልሽኝ። ለማስተማር ልምምድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለመደቡሽ ከፍቶሻል። ያቺን ልጅም ነገርሽኝ። ክላርኔቷን ታቅፋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሲጢጥታ በቀር ምንም ያልወጣላትን። «ምን እንደማደርጋት ጨነቀኝ» ብለሽ ዝም አልሽ። የከረመብኝ እሱ ዝምታሽ ነው።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅሽ። የባንድ መምህርት መሆን እፈልጋለሁ ብለሽ የነገርሽኝ ዕለት «ነርሲንግ ምን አለው?» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ያ ቃል ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። እኔ ጦር ሠራዊቱ ባንድ ልገባ ነው ስል አባቴ «አዝማሪ ልትሆን?» ብሎ ሁለት ወር አኩርፎኛል። በዚያ ዘመን አዝማሪ ማለት ስድብ ነበር። ለኛም ለአዝማሪዎቹም በደል ነበር። እኔ ደግሞ ያንኑ ቃል ልብስ ቀይሬ ላንቺ አቀበልኩሽ። አንቺ አልሰማሽኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

አሁን ስለ ወረቀቷ ልንገርሽ። ነግሬሽ የማውቅ አይመስለኝም።

በ1973 ዓ.ም. ባንድ ስገባ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ክላርኔት ይሰጡኛል ብዬ ቋምጬ ስጠብቅ፣ አለቃችን ከደብተር ላይ የመዳፍ ያህል ወረቀት ቀደደና ሰጠኝ። «ግድግዳው ላይ አድርገውና በትንፋሽህ ያዘው። እጅህን ወደ ኋላ።» ነፋሁ። ወረቀቷ ወደቀች። አነሳሁ፣ ነፋሁ፣ ወደቀች። ሌሎቹ ኖታ ፊታቸው ዘርግተው ሲጫወቱ እኔ ጥግ ላይ ግድግዳ እነፋለሁ። አለቃችን ከኋላዬ መጥቶ ጎድኔ ላይ እጁን ያሳርፋል። «ትከሻህን አታንሳ። ከዚህ ነው» ይለኛል። እጁ ሻካራ ነበር፤ አሁን ድረስ ይሰማኛል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወረቀቷ እሱ አሥር እስኪቆጥር ግድግዳው ላይ ቀረች። ያኔ ወንበሩ ሥር ጎንበስ አለና ክላርኔቱን አወጣ። ለካ ያን ሁሉ ቀን እዚያው ነበር።

ያንን ሰው አየር ማረፊያ እንግዳ ስንቀበል ሕዝቡ የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን እኛም ተበተንን። እኔ ክላርኔቱን ትቼ እዚህ አሜሪካ ታክሲ ነዳሁ። ትንፋሼን ግን ይዤው መጣሁ። አንቺ ስምንት ዓመትሽ ሆኖ ሳሎን ውስጥ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሳስነፋሽ ጨዋታ መስሎሽ ነበር። የእሱ እጅ ነበር።

የአገራችንን የባንድ ታሪክ ብታዪው ከመጀመሪያውም እንዲህ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች የሚጫወቱትን ባንድ ሰሙ። ደስ ስላላቸው አርባውንም ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ እስከ አብዮቱ የተዘመረውን «ኢትዮጵያ ሆይ» የሚለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው። ከእሱ በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን መጣ። ቲያትር ቤቱ፣ የፖሊስ ባንዱ፣ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ እሱ ያልደረሰበት የለም። ብዙ ሰው እነዚህን ሰዎች በመዝሙርና በማርሽ ነው የሚያስታውሳቸው። እኔ የሚገርመኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው። ኖታ አይቶ የማያውቅ ወጣት ፊታቸው ቆሞ ነበር። አንድ ቀን አንዱ «ይሄ ጥቁር ነጥብ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቋል፣ አንዱ ደግሞ ቁጭ ብሎ አስረድቷል።

ጌታቸው መኩሪያን ውሰጂ። ሽለላና ቀረርቶን በሳክስፎን ያጓራ ሰው ነው። ሥራውን የጀመረው በ1949 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ነው፣ ገና ልጅ ሆኖ። እሱ ሳክስፎኑን ሲያነሳ ዓለም ሰማ። የመጀመሪያውን ድምፅ ሲያወጣ ግን አጠገቡ ማን እንደቆመ የሚያወራ የለም።

አንቺ የምትወጃቸው የአሜሪካኖቹም መንገድ ከዚህ አይርቅም። ስማቸውን ካንቺ ከሰማሁ ወዲህ ማታ ማታ እያነበብኩ ነው። ዊልያም ሬቬሊ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን ባንድ ከ1935 እስከ 1971 መራ። ከዚያ በፊት አሥር ዓመት የት ነበር? ኢንዲያና ውስጥ ሆባርት የምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሃይስኩል። የእሱ መሣሪያ ቫዮሊን ነበር። የትንፋሽ መሣሪያን ለልጆቹ ሲል ነው የተማረው። ፍራንክ ባቲስቲም እንደዚሁ። ቦስተን ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ የሚባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የትንፋሽ መሣሪያ ቡድን ሠላሳ ዓመት ከመምራቱ በፊት ኢታካ ከተማ ውስጥ ከ1955 እስከ 1967 የሃይስኩል ባንድ አስተማረ። ትልልቅ የሙዚቃ ደራሲዎችን «ለልጆቼ አዲስ ሥራ ጻፉልኝ» ይላቸው ነበር። ለፕሮፌሽናል ኦርኬስትራ ሳይሆን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች። ይሄን ሳነብ ብድግ ብዬ ነው የቆምኩት።

ባንድ መሪውን ፍሬድሪክ ፌኔልን ደግሞ አንቺው ነሽ ያስተዋወቅሽኝ። በሽታ አልጋ ላይ ጥሎት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው አዲሱ ሐሳብ የመጣለት። በዚያ ጊዜ ባንድ ማለት ሰማንያ መቶ ሰው ነው፤ አንዱን የዜማ መስመር አሥር ሰው ይነፋዋል። እሱ ለአንድ መስመር አንድ ሰው አለ። በ1952 ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያንን ቡድን አቋቋመ። መደበቂያ የለም፤ ሁሉም ልጅ ይሰማል። በነገራችን ላይ ያሬድን የመሠረቱትና የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑት አሸናፊ ከበደ የተማሩት እዚያው ኢስትማን ነው። ይሄን ሳውቅ አንቺ የባዕድ ቤት ውስጥ ያለሽ መስሎኝ ይሰማኝ የነበረው ነገር ለቀቀኝ።

እንግዲህ እንደገባኝ ልንገርሽ። አንቺ ኮንዳክተርነትን ፎቅ፣ የልጆቹን ክፍል ደግሞ ምድር ቤት አድርገሽ አስበሽዋል። ቶሎ ወጥተሽ መገላገል ነው የፈለግሽው። እኔ ግን አንድ ክፍል ነው ባይ ነኝ። መድረክ ላይ ሁለተኛ ክላርኔቶቹ ሲያዛንፉ መዛነፉን ማንም ጆሮ ያለው ይሰማል። ለምን እንደተዛነፈ የሚሰማው ግን ከልጅ አጠገብ ተንበርክኮ ጣት ያየ ሰው ነው። ሪዱ፣ አፍ መያዣው ላይ ያለችው ቀጭን ሸምበቆ፣ ደርቆ ነው? ጥርሷ እየነከሰው ነው? ቀለበት ጣቷ ቀዳዳውን ሳይደፍን ቀርቶ ነው? ክፍሉ ሞቆ የመሣሪያው ሁሉ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ነው? ይሄንን ዱላ በማወዛወዝ አታገኚውም።

ደግሞ ማስተርስ የሚያስተምሩሽ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው «ስንት ዓመት አስተማርሽ?» ብለው እንደሚጠይቁ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የዩኒቨርሲቲ ባንድ መሪነት ቦታ ጥቂት ነው፤ የሚፈልገው ብዙ። ማስተርስ፣ ከዚያ ዶክትሬት፣ ከዚያም ወደማታውቂው ስቴት ጓዝ ጠቅልሎ መሄድ። ሂጂ፣ እኔ አልከለክልሽም። ግን የልጆቹን ክፍል እንደ አውቶቡስ ፌርማታ ቆመሽ አትጠብቂበት።

ሥራው ቀላል ነው አልልሽም። አርብ ማታ የፉትቦል ሜዳ፣ በነሐሴ ፀሐይ የማርሽ ልምምድ፣ የተሰበረ ቁልፍ በላስቲክ ማሰር፣ ለቱባ መግዣ ከረሜላ መሸጥ፣ የወላጅ ኢሜይል። ጥሩ ጥሩ መምህራን ደክሟቸው ይተዉታል። ሲደክምሽ ደውዪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። ጆሮሽን ደግሞ አደራ። እኛ ክላርኔቶች የምንቀመጠው ከትራምፔቶቹ ፊት ነበር፤ ቀኝ ጆሮዬ ዛሬም ይጮሃል። ማንም አላስጠነቀቀንም። የሙዚቀኛ ጆሮ መሸፈኛ ገዝቼልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። እንዳታፍሪበት፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ልጅ ሲነፋ ቀልድ አይደለም።

ሰባት ዓመትሽ ሆኖ ዋሽንግተን ካፒቶል ደረጃ ላይ የማሪን ባንዱን፣ የአሜሪካ ባሕር እግረኛ ጦር ባንድን፣ ያየንበት ማታ ትዝ ይልሻል? በነፃ ነበር፣ ምንጣፍና ዳቦ ይዘን ሄድን። በኋላ እንዳነበብኩት ሱዛ የሚባለው የማርሽ ንጉሥ አሥራ ሦስት ዓመቱ ሳለ ከሰርከስ ባንድ ጋር ሊጠፋ ሲል አባቱ ደርሶበታል። አባቱ ራሱ በዚያው ማሪን ባንድ ትሮምቦን ነፊ ነበር። አልገረፈውም። እጁን ይዞ ወስዶ እዚያው ባንድ ውስጥ ተለማማጅ አድርጎ አስገባው። ልጁ በ1880 ያንኑ ባንድ መሪ ሆነ። ያን ማታ አንቺ ትከሻዬ ላይ ተቀምጠሽ በእጅሽ ራሴ ላይ ምት ትመቺ ነበር። ምቱን አንድም ጊዜ አልሳትሽም። እኔ ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

አሁን ወደ ልጅቷ። ክላርኔቱን ለሁለት ቀን አስቀምጭባት። አፍ መያዣውን ብቻ ስጫት፣ ያለ እንጨቱ ግንድ። ታች ከንፈሯን ጥርሷ ላይ እንድታጥፍ አሳያት፤ ራስሽ አድርገሽ ይሁን። ጣቶቿ ትንንሽ ናቸው ብለሻል፤ ቀዳዳውን በጣት ጫፍ ሳይሆን በሥጋው እንድትደፍን ንገሪያት። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ወረቀት ቅደጅና ግድግዳው ጋ ውሰጃት። ሌሎቹ እንዳያዩባት ደወሉ ከመደወሉ በፊት ይሁን። ከኋላዋ ቁሚና ቁጠሪላት።

ቅዳሜ እደውላለሁ። ስንት እንደደረሰች ትነግሪኛለሽ።

አባትሽ