«ኔትወርክ ነው» እየተባለ የሚቀረው ደብዳቤያችን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ አነስተኛ የቅመማ ቅመም ማቀነባበሪያ ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት እሠራለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በአካባቢያችን ያሉ ድርጅቶችን በየጊዜው የሚያጋጥማቸውን፣ ነገር ግን «ኔትወርክ ነው» እየተባለ የሚታለፈውን አንድ ችግር ለአንባቢ ለማስረዳት ነው፤ ይኸውም የምንልከው ኢሜይል ሳይደርስ የሚቀርበት፣ የሚላክልንም የት እንደገባ የማይታወቅበት ምክንያት ነው።

እኛን ያነቃን አንድ የዋጋ ማቅረቢያ ነው። የሽያጭ ሠራተኛችን ሰነዱን ጨረታው ከሚዘጋበት ሁለት ቀን ቀደም ብላ ላከች፤ ከተዘጋ በኋላ ደውላ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «ከእናንተ ምንም አልደረሰንም» የሚል ነበር። «ልኬዋለሁ እኮ፣ ይኸው የተላኩት ውስጥ አለ» ብላ ስታሳየኝ እውነቷን ነበር። ሆኖም ካጠፋቻቸው መልእክቶች መካከል፣ ሰነዱን በላከች በደቂቃ ውስጥ የገባ አንድ የእንግሊዝኛ መልእክት አገኘሁ። ላኪውን ስለማታውቀው ቫይረስ መስሏት ነው የሰረዘችው። መልእክቱ ግን ከራሳችን ሰርቨር (ኢሜይላችንን ከሚልክና ከሚቀበል ኮምፒውተር) የመጣ፣ ኢሜይሉ እንደተመለሰ የሚያስታውቅ ነበር፤ መሃሉ ላይም 550 5.7.26 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። በ5 የሚጀምር ቁጥር «አልቀበልም» ማለት ነው፤ በ4 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ «ለጊዜው አልቻልኩም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 5.7.26 ምክንያቱ የላኪው ማንነት አለመረጋገጡ መሆኑን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ያለው የጉዳዩ ግማሽ ይህን ቁጥር ማንበብ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት እወዳለሁ። በእኛ ሰፈር ለጠፋ ኢሜይል ሁሉ የሚወቀሰው መብራት ነው። መብራት ጠፍቶ ሰርቨራችን ቀኑን ሙሉ ቢዘጋ እንኳ፣ በወጉ የተዘጋጀ የላኪ ሰርቨር ደብዳቤውን በወረፋ ይዞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4 ወይም 5 ቀን ድረስ እየደጋገመ ይሞክራል። ስለዚህ የአንድ ቀን መብራት መጥፋት ደብዳቤ ያዘገያል እንጂ አያጠፋም።

የእኛ ችግር ዲኤንኤስ ላይ ነበር፤ ማለትም የዶሜይናችን (በኢሜይል አድራሻችን ከ@ ቀጥሎ የሚጻፈው የኢንተርኔት ስማችን) ድረ ገጽ የት እንዳለ፣ ኢሜይል ወዴት እንደሚላክና በስማችን መላክ የሚችለው ማን እንደሆነ ለዓለም በሚናገረው መዝገብ ላይ። የኢሜይል መላኪያው ሥርዓት በ1982 ሲወጣ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ነገር አልነበረውም፤ ማንም ሰው በፖስታው ላይ የፈለገውን ስም ጽፎ መላክ ይችል ነበር። ኤስፒኤፍ እና ዲኪም የመጡት ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው። ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ዲኪም ደግሞ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ፊርማ ያኖራል። በፈረንጆቹ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጎግል እና ያሁ ማንኛውም ላኪ ቢያንስ ከሁለቱ አንዱን እንዲያሟላ ማስገደድ ስለጀመሩ፣ ዓመታት ሙሉ ያለ ምንም መዝገብ ሲላላኩ የኖሩ ድርጅቶች ድንገት በር ተዘጋባቸው።

እኛ ዘንድ የሆነው እንዲህ ነው። ድረ ገጻችንን ወደ ሌላ ሰርቨር ያዛወረልን ወኪል ዲኤንኤሱንም አብሮ ወደ ራሱ ወሰደው። ድረ ገጹ ወዲያው ስለተከፈተ ሁላችንም ሥራው አለቀ ብለን አመሰገንነው። ነገር ግን የገቢ ደብዳቤን አቅጣጫ የሚያሳየው የኤምኤክስ መዝገብ ወደ እሱ ሰርቨር ተቀይሮ ስለነበር፣ ከውጭ የሚላክልን ሁሉ ቢሯችን ያለውን ሰርቨር ትቶ እሱ በከፈተውና ማንም በማያየው ሳጥን ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ሳጥኑን ባስከፈትኩት ዕለት የሦስት ወር ደብዳቤ ወጣ፤ ዋጋ ጠይቀውን መልስ ያጡ ደንበኞችም በውስጡ ነበሩ። ኤስፒኤፉም የሚጠቅሰው የእሱን ሰርቨር ብቻ ነው። ይህን ያየ ሌላ ባለሙያ ሊረዳን አስቦ የቢሯችንን አይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት ላይ የምንታወቅበትን ቁጥር) በሁለተኛ የኤስፒኤፍ መስመር ጨመረ። አንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መስመር ካለው ግን ተቀባዩ ሁለቱንም እንደ ስህተት ቆጥሮ ይተዋቸዋል። ሁለቱን በአንድ መስመር አዋሕጄ፣ ዲኪም ጨምሬ፣ ኤምኤክሱን ወደ ቦታው መለስኩ። ያም ሆኖ የቀድሞው መዝገብ የቆይታ ጊዜ (ሌሎች ሰርቨሮች ቅጂውን ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ) 86400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ስለነበር፣ እስከ ማግስቱ አንዳንዱ ደብዳቤ ሲደርስ አንዳንዱ ይመለስ ነበር። ይህን አስቀድሞ ወደ 300 ሰከንድ ማውረድ ይገባ ነበር።

ከዚህ በኋላም እምቢ ያሉን ተቀባዮች ነበሩ፤ ምክንያቱም የአይፒ አድራሻችን ስም ሲጠየቅ የሚመልሰው ከዶሜይናችን ጋር የማይገናኝ የቁጥር ክምር ነበር። ይህ ፒቲአር የተባለው መዝገብ የሚስተካከለው በዶሜይኑ ባለቤት ሳይሆን አድራሻውን በሰጠው የኢንተርኔት አቅራቢ ነው። ማመልከቻችን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዞር ሳምንታት አለፉ፤ ጥያቄው የገባው ሰው ሲገኝ ግን በዚያው ቀን አለቀ።

ዶሜይንና ድረ ገጽ ለምትሸጡ ወገኖቼ የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ሥራውን ስታስረክቡ የዶሜይኑን መግቢያ በባለቤቱ ስም አድርጋችሁ፣ የመዝገቦቹንም ዝርዝር በወረቀት አትማችሁ አስረክቡ፤ ዲኤንኤስ ከማንቀሳቀሳችሁ በፊትም ኢሜይሉ የት እንደሚገባ ጠይቁ። ለድርጅት ቋሚ አይፒ የሚሸጡ አቅራቢዎችም ውሉ ሲፈረም «በዚህ አድራሻ ኢሜይል ትልኩበታላችሁ? በምን ስም ይመዝገብ?» የሚል አንድ ጥያቄ በቅጹ ላይ ቢጨምሩ፣ እኛ ሳምንታት የተመላለስንበት ጉዳይ በፊርማው ቀን ያልቃል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ከቱሉ ዲምቱ