ልጆች በእግርና በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

ጉዳዩ፦ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስላለው መንገድ

ቤታችሁ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ከሆነ ልጃችሁ በእግሩ ወይም በብስክሌት ቢመጣ እንመርጣለን። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ትንፋሽ ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለመምጫ 15፣ ለመመለሻ 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ልጅ ግማሹን በመንገድ ላይ ጨረሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ በእግር የሚመጣ ልጅ በበዛ ቁጥር በራችን ላይ የሚተራመሰው መኪና ይቀንሳል።

ልጁን ብቻውን ከመልቀቃችሁ በፊት ግን መንገዱን አብራችሁት ሂዱ። እሑድ ሳይሆን በትምህርት ቀን፣ በዚያው በመግቢያ ሰዓት ይሁን፤ ጭር ባለ መንገድ የተለማመደ ልጅ ሰኞ ጠዋት የሚገጥመው ሌላ መንገድ ነው። ከአጭሩ ይልቅ ማቋረጫ የሚያንስበትን ምረጡ፣ አምስት ደቂቃ ቢያስረዝምም። መሻገሪያው ጋ ስትደርሱ ቁጢጥ ብላችሁ በልጁ ዓይን ከፍታ ተመልከቱ። እናንተ ከላይ አሻግራችሁ የምታዩበት የቆመ መኪና ኮፈን ለእሱ ግድግዳ ነው፤ ሾፌሩም እሱን አያየውም። በእግረኛ መንገድ ላይ ደግሞ ከግቢ በኋላ ማርሽ የሚወጡ መኪናዎች አሉ፤ የትኛው በር እንደሆነ በጣታችሁ አሳዩት።

ከሁሉም አስቸጋሪው መሻገሩ ነው። ዕድሜው ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መኪናው ሩቅ መሆኑን ያያል እንጂ ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት ይከብደዋል። ስለዚህ ‹‹ገና ሩቅ ነው›› ብሎ ይገባል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 7 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በሰከንድ አንድ ሜትር እየተራመደ የሚሻገር ልጅ 7 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ መኪናው ወደ 100 ሜትር መጥቷል። ሾፌሩ አይቶት ፍሬን ቢይዝ እንኳ በደረቅ አስፋልት እስኪቆም ድረስ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በዝናብ ከዚያም ይረዝማል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ኖሮ ግን 13 ሜትር አካባቢ ላይ በቆመ ነበር።

እንግዲህ ‹‹ተጠንቀቅ›› ማለት ለልጅ ምንም አይነግረውም። የሚያደርገውን ንገሩት። ጠርዙ ላይ ይቁም፤ መኪና ቀድሞ ወደሚመጣበት ይይ፤ ወደ ሌላው ይይ፤ እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመለስ፤ ከዚያ ሳይሮጥ እየተራመደ፣ ግራ ቀኝ ማየቱንም ሳያቆም ይሻገር። የቆሙ መኪናዎች እይታውን ከጋረዱትና ሌላ መሻገሪያ ከሌለ፣ ሞተሩ እንዳልተነሳ አይቶ እስከ መኪናው የውጭ ጠርዝ ብቻ ይውጣና እዚያ እንደገና ቆሞ ይመልከት። ባለ ሁለት መስመር ላይ አንዱ መኪና ቆሞ ቢያሳልፈውም የሚቀጥለው መስመር ባዶ መሆኑን ሳያይ አይለፍ። ዜብራ ላይ ከሚደርሱ አደጋዎች አንዱ መነሻ ይኸው ነው፦ የቆመው መኪና ልጁን ከሁለተኛው ሾፌር ይሸፍነዋል። ለዚህም ነው መኪና ውስጥ ሆናችሁ ልጆችን በእጅ ምልክት ‹‹እለፉ›› እንዳትሉ የምንለምናችሁ።

ለጥቂት ቀናት እናንተ ምሩት፤ ከዚያ እሱ ይምራችሁ። የሚያየውን ጮክ ብሎ ይናገር፣ መቼ እንደሚሻገር ይወስን፣ እናንተ ዝም በሉ። ሳታስታውሱት ደጋግሞ ትክክል ሲሆን ብቻ ልቀቁት። ትንንሾቹ ግን ከአዋቂ ጋር ይምጡ፤ ጎረቤታሞች ተራ ብትገቡ ማንም በየቀኑ አይደክምም።

ጨለምለም ባለ ጠዋት ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው በመኪና መብራት የሚታየው ከ30 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ካለው 28 ሜትር ጋር አስተያዩት። ቦርሳው ላይ የተሰፋ አንጸባራቂ ጨርቅ ከ100 ሜትር በላይ ሊያሳየው ይችላል። የጆሮ ማዳመጫ ቤት ይቅር።

ብስክሌት ከዚህ በላይ ዝግጅት ይፈልጋል። ‹‹ያድግበታል›› ተብሎ ትልቅ መግዛት የተለመደ ስህተት ነው። ልጁ አግዳሚውን ብረት በእግሮቹ መሃል አድርጎ ሲቆም ሁለት እግሮቹ መሬት ሙሉ በሙሉ ካልረገጡ፣ ድንገት ሲያቆም ይወድቃል። የፍሬኑ እጀታ ሲጨበጥ መሪውን መንካት የለበትም፤ ከነካ ሽቦው ላልቷል ወይም የፍሬኑ ላስቲክ አልቋል። ሁለቱም ፍሬኖች ይሥሩ። የጎማው አየር ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የጫማ ማሰሪያና ሰፊ ሱሪ ካቴና ውስጥ ይገባሉ፤ መሪ ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ደግሞ የፊት ጎማ ሽቦዎች ውስጥ ገብቶ ልጁን በግንባሩ ይደፋዋል። ጓደኛ ማፈናጠጥ ክልክል ነው።

ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ላይ ይቀመጥ እንጂ ወደ ኋላ አይሸሽ። ማሰሪያዎቹ ከጆሮ ሥር ይገናኙ፤ አገጭ ሥር ከአንድ ጣት በላይ አያስገባ። ልጁ አፉን በሰፊው ሲከፍት ሄልሜቱ ወደ ታች ሳብ ካለ ልኩ ነው። አንዴ ጠንከር ያለ ምት ያረፈበትን፣ ስንጥቅ ባይታይበትም፣ ጣሉት፤ ውስጡ ያለው ፎም ከተጨመቀ ለሁለተኛ ጊዜ ምት አይቀበልም።

መሪው ሳይወላገድ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት፣ በአንድ እጅ መንዳትና የተባለበት መስመር ላይ መቆም የማይችል ልጅ ገና ለመኪና መንገድ አልደረሰም። የሚችለውም ቢሆን በመኪናዎቹ አቅጣጫ ይንዳ፤ በር ድንገት ሊከፈት ስለሚችል ከቆሙ መኪናዎች አንድ ሜትር ይራቅ፤ ሊታጠፍ ከተዘጋጀ አውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና ጎን አይግባ። የሾፌሩን ፊት በመስታወቱ ካላየ ሾፌሩም አያየውም። ዜብራ ላይ ወርዶ እየገፋ ይሻገር፤ በግቢያችን ውስጥም እንዲሁ።

በመኪና ማምጣት ግድ የሚሆንባችሁ ራቅ ብላችሁ አቁሙና ልጁ በእግረኛው መንገድ በኩል ባለው በር ይውረድ። በትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ደርቦ ማቆምና ወደ ኋላ መንዳት አይፈቀድም።

ልጃችሁ በምን፣ ከማን ጋርና በየትኛው መንገድ እንደሚመላለስ ጽፋችሁ ለክፍል ኃላፊው መምህር ላኩ። በዕለቱ የሚለወጥ ነገር ካለ ከመውጫ ሰዓት በፊት አሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር