የእርቅን ታሪክ ከመጨባበጡ አንጀምረው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በጅማ ከተማ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምሠራ፣ የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ተረትና ታሪክ አነባለሁ፤ የልጆች ዓምዳችሁንም እየቆረጥኩ በካርቶን ላይ በመለጠፍ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዓምዱ ላይ የሚወጡት የስፖርተኞች ታሪኮች ከሚጀምሩበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደው እንዲጀምሩ ለመለመን ነው።

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ካሸነፈች በኋላ ከነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ከኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን መዞራቸውን ልጆቻችን ያውቁታል። ደቡብ አፍሪካ ከ1960 ወዲህ ለ32 ዓመታት በኦሊምፒክ ሳትታይ የቆየችው በአፓርታይድ፣ ማለትም በዘር መድልዎ ሥርዓቷ የተነሳ መሆኑን ግን የሚነግራቸው ስለሌለ፣ የተያያዙት እጆች ለእነሱ ደስ የሚል ፎቶግራፍ ከመሆን አያልፉም።

ይህ ጥፋት የእኔም ነው። በአማርኛ ለልጆች የሚሆን የታሪክ ልብ ወለድ ማግኘት ስለቸገረኝ ባለፈው ግንቦት አንዱን ራሴ ሞከርኩት። የመረጥኩት ቀን መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2000) ነበር፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ የገባበት ቀን ስለሆነ፣ በደመራ ዋዜማ ጅማ ውስጥ በየቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ተጨናንቀን የነበርን ሰዎች አንረሳውም። በዚያው መም ላይ፣ ከኃይሌ ቀደም ብሎ፣ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የተወለደችው ካቲ ፍሪማን 400 ሜትሩን በ49.11 ሰከንድ አሸንፋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ የአገሪቱንና የአቦርጂን ሕዝብን ባንዲራዎች አንድ ላይ ይዛ ሜዳውን ዞራለች። (በባዶ እግሯ መዞሯን ሳነብ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «እንደ አበበ ቢቂላ!» ማለታቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል።)

አያቷ በልጅነታቸው ከእናታቸው እንደተወሰዱ ፍሪማን ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። እኔ ግን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሼ ወደ መነሻው መስመር ሮጥኩ። አንብቤ ስጨርስ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች የአሥር ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። ስለ ሩጫው አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«ማን ነው የወሰዳቸው?»

«መንግሥት ነው» አልኳት።

«ታዲያ እናትየዋ ለማን አቤት አለች?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር እንዳልሰማ ሆኜ ገጹን ገለጥኩ።

የልጅቷ ጥያቄ የታሪኩ ልብ ነበር። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነው የመንግሥት ምርመራ እንዳመለከተው፣ ከ1910 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት ከነባር ሕዝቦች ልጆች ቢበዛ ከሦስት አንዱ፣ ቢያንስ ደግሞ ከአሥር አንዱ፣ በግዴታ ከወላጆቹ ተነጥቆ በማሳደጊያ ወይም በነጮች ቤት እንዲያድግ ተደርጓል። አቤት የሚባልበት ደጅም የወሳጁ ደጅ ነበር። የአገሪቱ ፓርላማ በጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ረድ አማካይነት ይፋዊ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ወርቁ ይቅርታውን በ8 ዓመት ቀድሞታል ማለት ነው። ፍሪማን ከሲድኒ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ካናዳ ውስጥ አሸንፋ የሕዝቧን ባንዲራ ይዛ ስትዞር ደግሞ ከራሷ ቡድን መሪ ወቀሳ ደርሶባታል። የእኔ ታሪክ ግን ባንዲራዎቹ በሲድኒ ስለተገናኙ ብቻ ሁሉም ነገር የታረቀ አስመስሎ ነበር።

አንዳንድ ወላጆች ልጅን በበደል ታሪክ ማሳደግ ቂም መዝራት ነው ይሉኛል። ስጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን በእኛ አካባቢ ሽማግሌዎች ጉማ (በነፍስ ግድያ የተጣሉ ወገኖች የሚታረቁበትን ሥርዓት) ሲያወጡ የገዳይ ወገን ጥፋቱን ሳያምን ካሳ አይቆረጥም፤ በደሉ በሟች ወገን ፊት በስሙ ሳይጠራ እርቅ አይወርድም። ለአዋቂ የማይቀርለትን ይህን ሥርዓት በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ስንደርስ የምንዘለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እኔ ራሴ አንደኛ ክፍል ስመዘገብ መዝጋቢው መምህር እናቴ ያወጣችልኝን የኦሮምኛ ስም «ለመጥራት አይመችም» ብለው በሌላ ለወጡት፤ ዛሬም መታወቂያዬ ላይ ያለው እሳቸው የሰጡኝ ስም ነው። እናቴ እስክታርፍ ድረስ አንድም ቀን በዚያ ስም ጠርታኝ አታውቅም። መምህሩን አልጠላቸውም፤ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን የተቀላቀለ ነገር ለልጅ ለማስረዳት ደግሞ ከልብ ወለድ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ስለዚህ በልጆች ዓምዳችሁ ላይ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ለታሪክ ልብ ወለድ ቦታ እንድትሰጡ፣ ጸሐፊዎቻችሁም ከሜዳሊያው በፊት ያለውን ቤት፣ ቋንቋና ስም እንዲጽፉልን እጠይቃለሁ። እኔም የሲድኒውን ታሪክ እንደገና እየጻፍኩት ነው፤ አሁን የሚጀምረው ልጇ ከተወሰደችባት እናት ደጃፍ ነው። ሲያልቅ እልክላችኋለሁ። ቦታ ከጠበባችሁ ሩጫውን አሳጥሩት እንጂ እናትየዋን አትንኩብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
ከጅማ